በዘኪያ አምባው ስም የወጣው ኮከብ

አቃቂ፣ ጥር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ አቻምየለሽ አምባው፣

የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ትሁንሽ። እማዬም፣ አያቴ አባባም፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የናፍቆታችንን ነገር ወረቀቱ ስለማይችለው እተወዋለሁ።

ይህን የሚያደርሱልሽ ጋሽ ኦልጅራ ናቸው። ተሳቢያቸውን ቃሊቲ ጉምሩክ አራግፈው ሐሙስ ወደ አንቺ እንደሚመለሱ ስሰማ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እንዳልደውልልሽ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ እማዬ ትሰማለች። ደግሞ ስልክ ላይ ድምፄ አይወጣም።

የላክሽልኝ ስልክ ደርሶኛል። አሮጌዬ ነው ብለሽ ነበር፤ ለኔ አዲስ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ የምውለው እማዬ ልብስ በምትሰፋበት ኮንቴነር ውስጥ ነው፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ከስፌት መኪናው ጀርባ እቀመጣለሁ። አሁን ግን ስልኩ ስላለኝ ቢያንስ የማየው ነገር አለኝ።

አክስቴ፣ የማወራሽ ነገር አስፈርቶኛል። ለጥምቀት እማዬ ትልቅ ሥራ አግኝታ ነበር። የደብራችን ሰንበት ተማሪዎች ሃያ አራት ወይን ጠጅ ካባ አሰፉ። ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ገዝተው ሲያመጡ፣ መቀስ ሳይነካው በፊት ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩበት። ሥራው ሲያልቅ አራት ሜትር ያህል ተረፈ። የተረፈ ጨርቅ የሰፊው ነው፤ የሥራው ደንብ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የጴንጤዎቹ ኳየር ጋውን እያሰፋ ነበር፣ ለኮሌታው ጨርቅ አነሰ። ቀለሙ አንድ ስለሆነ እማዬ ከተረፈው ቆርጣ ሞላችው።

«እማዬ፣ ይሄ ጠበል የነካው አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ጨርቅ ጨርቅ ነው። ክሩን አቀብዪኝ» አለች።

ክሩን ካቀበልኳት በኋላ ግን ስታማትብ አየኋት።

ከዚያ ኢንተርኔት ቤት የምትሠራው ሌንሳ፣ «የእናትሽን ሱቅ የኢንተርኔቱ ካርታ ላይ ላስገባልሽ፣ ሰው ኮከብ ይሰጣችኋል፣ ደንበኛ ይበዛል» አለችኝና አስገባችልኝ። ሁለት ፎቶ ሰጠኋት፤ አንዱ ካባው፣ አንዱ ጋውኑ። ጎን ለጎን ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ያምሩ ነበር። መጀመሪያ የጻፈችው ደንበኛችን እትዬ አሰፋች ናት፦ ሁለት ኮከብ፣ «ዚፑ በሳምንቱ ተበላሸ»። ለእማዬ ስነግራት «እውነቷን ነው፣ ታምጣው» ብላ በነጻ ቀየረችላት።

ከጥምቀት በኋላ ግን ይህ መጣ፦ አንድ ኮከብ። «ስፌቷ ጥሩ ነው፣ እምነቷ ግን ሁለት ነው። ካባችንንና የመናፍቃንን ልብስ ከአንድ ጣቃ ቆርጣለች። ፎቶውን አይታችሁ ፍረዱ።»

እማዬ ይህን አላወቀችም። ስልኳ በቁልፍ የሚሠራው ነው፣ ካርታ የለውም። እኔ ግን ካነበብኩት ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኛል። የደብሩ ሥራ ከቀረ ኮንቴነሩን ምን እናደርገዋለን? ዛሬ እንደ ደንበኛ ሆኜ ከሥሩ ልጽፍ ነው። ስሜን ስለማልጽፍ ማን ያውቃል?

ከተመቸሽ ጠንካራ ዚፕ ላኪልን። እማዬ ደግሞ ፎቶሽን ትጠይቃለች። ካየንሽ አራት ዓመት ሆነን።

ከእግርሽ ሥር የምታድገው
ፍቅርተማርያም


ጅቡቲ፣ ጥር 27 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለፍቅርተ፣

ሰላም የፈጣሪ ነው፣ እሱ ያብዛላችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ።

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ጋሽ ኦልጅራ ወደብ ላይ ወረፋ ይዘው ሰንብተው ነው። በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ስለሆነ አላስረዝምም። ሆዴ፣ በዚያ ስልክ ምንም አትጻፊ። ለሰው ኮከብ አትስጪ፣ መልስ አትመልሺ። ጽፈሽ እንደሆነ አሁኑኑ አጥፊው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ሰው የፈለገውን ይበል፣ ሲሰለቸው ይተዋል።

ፎቶ ለመነሳት አልተመቸኝም። ለእህቴ ወፍራለች በያት፣ ትስቃለች። የአባባ ደረት እንዴት ነው? ሳሉ ቀነሰላቸው? ስለ አባባ ሁሉንም ጻፊልኝ፤ ምን ይበላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ ወይ፣ ስለ እኔ ሲጠይቁ ምን ብለው ነው የሚጠይቁት?

አሥራ ሁለት ዚፕ ልኬያለሁ።

አክስትሽ


አቃቂ፣ የካቲት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ጾሙን እግዚአብሔር በሰላም ያስፈጽምሽ። በእኛ በኩል ሁሉም በእግሩ ቆሟል፤ የአባባም ሳል ቀንሷል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። መንገዱ ተዘግቶ ጋሽ ኦልጅራ አዳማ ላይ አምስት ቀን ቆሙ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ወጣ። «አትጻፊ» ያልሽውን ሳነብ ጊዜው አልፎ ነበር። እኔ የጻፍኩት ለአንቺ ደብዳቤውን በጻፍኩበት ዕለት ማታ ነበር።

አምስት ኮከብ ሰጥቼ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ደንበኛ ነኝ። ሥራዋ ጥሩ ነው። ከአንድ ጣቃ አልቆረጠችም። ከተባረከው የተረፈው ለኮሌታ ብቻ ነው የሆነው።»

ስሜን አልጻፍኩም፤ ስልኩ ግን በራሱ ጊዜ ስም አወጣ። ዘኪያ አምባው።

መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መሰለኝ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ነገር ግን ሰው ቀድሞ ፎቶ አንስቶት ስለነበር መልሰው ለጠፉት። አሁን ከሥሩ ስድሳ አንድ ሰው ጽፏል። ስለ ኮሌታው እኮ ከእኔ በፊት ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ልብስ አሰፍቶ የማያውቅ ሰው ከደሴ አንድ ኮከብ ይሰጣል። አንዱ ጴንጤ «ጨርቅ አያድንም፣ ጌታ ያድናል፣ እህታችን በርቺ» ብሎ አምስት ሰጠ፤ ከሥሩ ደግሞ «ይኸው ከመናፍቃን አምስት መጣላት፣ በቃ ታወቀች» ተባለ። አንድ ሌላ «እስላሟ የቤተ ክርስቲያንን ጨርቅ ምን አገባት? ዘኪያን አግኙልን» አለ። ይህችን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ሰኞ ቀናው መጣ፤ የመዘምራኑ ተጠሪ ነው፣ ሁለት ልጆች አስከትሏል። እኔ ከመኪናው ጀርባ ነበርኩ።

«ምነው ቀናው፣ ካባው ጠበበህ?» አለች እማዬ። «ጾም ገብቶ እንኳ አልከሳህም።»

«ካባው ልክ ነው፣ እትዬ መሰለች። ዘኪያ አለች?»

«የቷ ዘኪያ?»

«ዘኪያ አምባው። አምባው የእርስዎ አባት አይደሉ?»

«የአምባው ልጆች እኔና አቻምየለሽ ነን። አቻምየለሽ ጅቡቲ ናት። ሌላ የለም።»

ስልኩን ዘረጋላት። እማዬ መነጽሯን አጣችው መሰለኝ፣ «ፍቅርተ፣ አንብቢልኝ» አለች። የራሴን ቃል ለእናቴ አነበብኩላት። «ጮክ በያ፣ ለራስሽ ነው እንዴ የምታነቢው?» አለኝ አንደኛው ልጅ። ስሙ ጋ ስደርስ ዘለልኩት፤ ቀናው ሞላበት።

ከሄዱ በኋላ እማዬ «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «ዘኪያስ ማን ናት?» ስትለኝ «ስልኩ ነው» አልኳት። ብዙ አየችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ይብስ ያስፈራል።

ከስሙ አጠገብ ትንሽ ፎቶ አለ። ጥቁር ሻርፕ የጠመጠመች ሴት ናት፣ ፊቷ አይታይም፣ ወደ ባሕር ታያለች። ሻርፑ ግን ከጆሮዋ ትንሽ ሸሽቷል። ጉትቻ ጎትቶ የሰነጠቀውን ያን ጆሮ አውቀዋለሁ፤ ስታጥቢኝ እየነካካሁት ነው ያደግኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። አንቺው ንገሪኝ።

የሰበካ ጉባኤው እማዬንና እኔን ለመጋቢት ሁለት፣ እሑድ፣ ጠርቶናል። ምን ልበላቸው?

ፍቅርተማርያም


ጅቡቲ፣ የካቲት 22 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለፍቅርተ፣

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ አውቄው ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ሲሰድቡኝ በዚህኛው ስልኬ እየመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን ደውዬ እህቴ አነሳችው፤ ጤና ጠየቀችኝ። ከዚያ ካርዱ አለቀ አልኳት። አላለቀም ነበር።

ዘኪያ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ወደቡ ላይ ይሠራል፣ ጥሩ ሰው ነው። ለእሱ ብላ ሰለመች ይሉ ይሆናል። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ይህን ግን በወረቀት ማስረዳት አልችልም፣ አንቺም ልጅ ነሽ። ስልኩን ስልክልሽ ስሜን ከውስጡ ማጥፋት ነበረብኝ። አላሰብኩትም።

አባባ ይህን ከሰሙ አልጋ ይይዛሉ። ባቡር ጣቢያ ተቀጥረው ሲሠሩ እንኳ ከቅዳሴ የቀሩበት እሑድ የለም። ስለዚህ የምልሽን ስሚ፦ ስልኩን ያገለገለ ገዛሁት በይ። መርካቶ በይ፣ ሻጩን አላውቀውም በይ። የስልኩ ስም የቀድሞዋ ባለቤት ነው፣ አምባው የሚባል ሰው በሀገሩ ሞልቷል። ሌላ ምንም አትጨምሪ።

ከእንግዲህ ጋሽ ኦልጅራ ፊት ስለ እኔ አታውሪ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ አቃጥዪው።

አክስትሽ


አቃቂ፣ መጋቢት 5 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ያለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁን። በየትኛው ስም ልጥራሽ አላወቅኩም፤ እንደ ድሮው አክስቴ ልበልሽ።

ደብዳቤሽን አቃጥዬዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ገባን። ሰብሳቢው፣ ቄሱ፣ ቀናውና ሌሎች ስድስት ሰዎች ነበሩ። እማዬ የኮሌታውን ነገር አልካደችም። «ጨርቅ አነሰኝ፣ ከተረፈው ወሰድኩ፣ አጥፍቻለሁ» አለች። ቄሱ ቀኖና ሰጧት። ኮሌታዎቹ ሁሉ ተፈትተው ለደብሩ እንዲመለሱ ተወሰነ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አትፍሪ ልጄ። ስልኩ የማን ነው?» አሉኝ ቄሱ።

«የገዛሁት ነው።»

«ከየት?»

መርካቶ ልል ነበር። ግን ብቻዬን መርካቶ ሄጄ አላውቅም፤ የትኛው ተራ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሁሉም ያዩኛል። የማውቀው ቦታ ጠፋኝ።

«ቃሊቲ» አልኩ። «ማረሚያ ቤቱ በር አካባቢ።»

ቀናው አንገቱን ቀና አድርጎ ጓደኛውን አየው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ማክሰኞ የኳየሩ መሪ ጌዲዮን ጋውኖቹን በማዳበሪያ ጭኖ በባጃጅ መጣ። ቁጭ ብሎ ከእኛ ጋር ኮሌታ ፈታ።

«እትዬ መሰለች፣ ያለ ኮሌታ ብንዘምርም እኮ ጌታ ይሰማናል» አላት።

«አንተ ዝም ብለህ ፍታ። የእናንተ አምስት ኮከብ ነው እዚህ ያደረሰኝ።»

«እሺ አንድ እንሰጥሻለን።»

«ተወኝ ስልህ! ጨርቁን እንዳትቀደው ደግሞ።»

እማዬ ሳቀች። ከጥምቀት ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ ስለዚህ አይዞሽ።

ፍቅርተማርያም


አቃቂ፣ መጋቢት 13 ቀን 2010 ዓ.ም.

አክስቴ፣ መልስሽን ሳልጠብቅ እንደገና ጻፍኩልሽ። አላለቀም።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ስሟ እትዬ ዘኪያ ነው። እውነቴን ነው፣ አላውቃትም ነበር። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ጠያቂ ሁሉ ስልኩን እሷ ዘንድ አስቀምጦ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ቁጥር ይዞ ነው የሚገባው። ሻዩ ብዙም አያስገኝላትም፣ የምትኖረው ስልክ በማስቀመጥ ነው። እኔ «ከማረሚያ ቤቱ በር» ስል፣ ሰው ያስቀመጠውን ስልክ ትሸጣለች ማለቴ ሆነ። የአባቷ ስም አምባው እንዳልሆነ ማን ይጠይቅ?

ሸራ ወጥራ ነው የምትሸጠው፣ ካርታ ላይ ኖራ አታውቅም። ማንነቱን የማላውቀው ሰው ግን አስገባት። «ዘኪያ ሻይ» ይላል። በሁለት ቀን ሰባ አንድ ሰው ኮከብ ሰጣት፤ ሁሉም አንድ አንድ። «ስልካችሁን እንዳትሰጧት፣ ገብታ በስማችሁ ትጽፋለች።» «የተባረከ ጨርቅ የነካች እጅ የቀዳውን ሻይ አትጠጡ።» ከዚያ እስላሞች መጥተው አምስት አምስት ሰጧት፤ እነሱም ሻዩን አልጠጡም። ከዚያ ስድቡ የእሷ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሆነ። ስድቡን እጄ አይጽፈውም።

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ጎረምሶች መጥተው ሸራዋን በምላጭ ቀድደው ወሰዱት፣ ሁለት ቴርሞስ ሰበሩባት።

ትናንት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ብዙ ቆየሁ። ስልክ የሚያስቀምጠው ሰልፍ ሌላዋ ነጋዴ ጋ ነበር፤ እሷ ጋ ማንም የለም። አየችኝና ጠራችኝ።

«ነይ እንጂ፣ ስልክ ልታስቀምጪ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ይህንኑ ያንቺን ስልክ አውጥቼ ሰጠኋት። በጨርቅ ጠርጋ ቁጥር አሥራ አንድን ሰጠችኝ።

«አንደኛ ተራ ነበር የምሰጥሽ፤ አንደኛው ካርቶን ከሸራው ጋር ሄደ» አለች። «ማንን ነው የምትጠይቂው?»

«አባቴን» አልኩ። አባቴ በሕፃንነቴ እንደሞተ ታውቂያለሽ።

«አላህ ያውጣልሽ። አትፍሪ፣ መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይፈራል።»

ግንቡን ዞሬ ሰው ከማያየኝ ቦታ ቆምኩ። ስመለስ ስልኩን መለሰችልኝና «አገኘሽው?» አለች። «አዎ» አልኳት። ይህም ሌላ ውሸት ሆነ።

አክስቴ፣ ያን ያልሽኝን ቃል ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም። ቀናውና ጓደኞቹ ለሆሣዕና «እንጠይቃታለን» ይላሉ። ምን እንደሚጠይቋት አላውቅም። ዚፕም ምንም አልፈልግም። ይህን አቁሚልኝ።

ፍቅርተ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ፍቅርተ፣

እንዲህ ብዬ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ አንቺንም፣ ሳታውቅ በኔ ስም የተመታችውንም ሴት።

ደብዳቤሽን ጋሽ ኦልጅራ ለሌላ ሾፌር ሰጥተው በአምስተኛው ቀን ደረሰኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለት። «አንቺ እዚህ ተደብቀሽ፣ እዚያ ሌላዋ ዘኪያ ትመታለች?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

ዛሬ በሁለቱም ቦታ፣ በእህቴ ሱቅም በሻይ ሻጯም ላይ፣ ጽፌያለሁ። ፎቶዬንም ፊቴ በሚታየው ቀይሬዋለሁ። ያልኩት ይህ ነው፦

«ስሜ ዘኪያ አምባው ነው። አቃቂ የተወለድኩ የአምባው ልጅ ነኝ፣ ድሮ አቻምየለሽ ይሉኝ ነበር። የምኖረው ጅቡቲ ነው። መሰለች እህቴ ናት፣ መስለሜን አታውቅም ነበር። ያ ቃል የተጻፈው ለእህቴ ልጅ ከላክሁት ስልክ ነው፣ ስሜን ሳላጠፋ ልኬው። ከማንም አልተገዛም። ቃሊቲ በር ላይ ሻይ የምትሸጠውን ሴት አላውቃትም፣ አታውቀኝም። የምትሰድቡት ካላችሁ እኔን ስደቡ። ለእሷ አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ የስንት ሰው ስልክ አስቀምጣ አንድ እንኳ አልጠፋባትም።»

አሁን ሰው አንብቦታል። የአቃቂ ሰው ለበዓል አባባን ሊጠይቅ ሲመጣ ይዞት ይመጣል። ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ አባባ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት። ከናንተ ይስሙ። ከእንግዲህ ስሜን አይጠሩም ይሆናል፤ እሱን አውቄ ነው የጻፍኩት።

አክስትሽ ዘኪያ


አቃቂ፣ መጋቢት 29 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ

ለአክስቴ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ መጠየቅም ፈራሁ። እኛ አለን።

የጻፍሽውን መጀመሪያ ያመጣው ቀናው ነው። ሱቅ መጥቶ ለእማዬ ራሱ አነበበላት። ሲጀምር ድምፁ ትልቅ ነበር፣ «መስለሜን አታውቅም ነበር» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀነሰ። እማዬ የመኪናውን ፔዳል እየረገጠች ነበር፣ ጨርቁ አልቆ ባዶውን ትሰፋ ነበር። ሲጨርስ «ሰማሁ» አለችው። «አሁን ሂድና ያቺን ሴት ይቅርታ ጠይቃት። ሸራዋን አምጣልኝ፣ እጥፈዋለሁ።» እሱ አልሄደም፣ ሸራውን ግን ማታ አንድ ሰው በር ላይ ጥሎት ሄደ። እማዬ ጥፋዋለች። ለሆሣዕናም ማንም አልሄደባትም።

ሸራውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ለእትዬ ዘኪያ ሁሉንም ነገርኳት። «ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ አለመሸጤን አውቃለሁ። እዚያ ለተሰለፉት ንገሪያቸው» አለች። ሰልፉን አየሁት፣ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ለአንዲት ሴት ብቻ፣ በጆሮዋ፣ ነገርኳት። እሷ ስልኳን ይዛ መጥታ አስቀመጠች። ሌሎቹ አልመጡም። ገና ነው።

የቀረው አባባ ነበሩ። እማዬ «እኔ አልችልም» አለች። «ብጀምረው አለቅሳለሁ፣ እሳቸው የሞትሽ ይመስላቸዋል።» ሳምንቱን ሙሉ ነገ እያልን ቆየን። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ጠጄ በአጥሩ ላይ «አባባ ሰምተዋል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከዚህ በኋላ ቀን እንደሌለ ገባኝ።

ገባሁ። ከሄድሽ ወዲህ የአባባ ጆሮ ደክሟል፤ አጠገባቸው ሆነሽ ካልጮህሽ አይሰሙም። ጾመው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ስለ አክስቴ ነው።»

«እ?»

«አክስቴ አቻምየለሽ!»

«ደወለች?»

«አልደወለችም። ሰለመች።»

«ታመመች?»

«ሰለመች አባባ! እስላም ሆናለች! ስሟ ዘኪያ ነው! ባል አግብታለች!»

እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች እጃቸው ቆመ፤ የውኃው ድምፅ ሲቋረጥ ሰማሁት። ሁሉም ሰምተዋል። ቀዳዳ ቢኖር እገባ ነበር።

«አልሰማሁሽም» አሉ አባባ። ግን ዓይናቸው ተለውጦ ነበር።

ደግሜ ጮህኩ። ከዚያ «በሩን ክፈቺው» አሉኝ።

«ለምን አባባ?»

«ክፈቺው አልኩሽ።»

ከፈትኩት። እትዬ ጠጄ የፋሲካ ዶሮዋን በክንፉ አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ነበረች፣ ከኋላዋ ሌሎቹ። አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«አሁን ድገሚው።»

ሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩት። ጩኸት አልነበረም፤ ግን ሁሉንም ቃል አወጣሁት።

«ሰማችሁ?» አሉ አባባ ለሴቶቹ። «ከኔ ቤት ነው የሰማችሁት። ነገ እንኳን አደረሰዎ ልትሉኝ ስትመጡ ይህን ይዛችሁልኝ እንዳትመጡ።»

እትዬ ጠጄ «ኧረ እኛ ምን ብለን አባባ» እያለች ወደኋላ ሄደች። አባባ ተመልሰው ተኙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ይኸው ሦስት ሰዓት ሆናቸው። ነገ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር አላውቅም። እማዬን ለበዓሉ ሥራ ያዘዛት ሰው የለም። ውጭ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ጋሽ ኦልጅራ ዛሬ ስለሚነሱ ይህን አባባ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ፖስታው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ጆሯቸው ጋ ተጠግቼ «የቱን ስሟን ልጻፍ አባባ?» አልኳቸው።

የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል፣ ሳይዞሩ እንዲህ አሉ፦

«የፈለገችውን ጻፊላት። አምባው የሚለውን ግን እንዳትዘልዪው።»

ፍቅርተማርያም